«ስታርቭድ» ያሉት እናት ምግብ አልጠየቁም፦ ስለ ብርቱ ብርድ የሚነገሩ የድሮ እንግሊዝኛ አባባሎች

ጥያቄ፦ «ሊድስ ከተማ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ከምንከባከባቸው አንዲት የ86 ዓመት እናት ማታ ማታ ‹አይም ስታርቭድ› ይሉኛል፤ ምግብ ሳቀርብላቸው ግን ይቆጣሉ። የቤልፋስት ተወላጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹አይም ፋውንደርድ› ትላለች፤ መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልገው ስለ መርከብ መስጠም ነው የሚያወራው። ‹ብራስ መንኪ› የሚባለው የነሐስ ጦጣ አባባልም ከመድፍ ጥይት የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ያሉ የብርድ አባባሎችን በዝርዝር ጽፌ እያጠናሁ ነው፤ ‹ኮልድ ፊት›ንና ‹ኮልድ ሾልደር›ንም ጨምሬአለሁ። የትኛውን ልናገር? ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ) የቃል ፈተናስ ነጥብ ያስገኝልኛል?»

ምላሽ፦

እኚህ እናት የሚነግሩዎት በርዷቸው እንደሆነ ነው። ሊድስ ባለችበት በዮርክሻየርና በላንክሻየር፣ በጠቅላላውም በሰሜን እንግሊዝ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ስታርቭድ» ወይም «ስታርቪንግ» ሲሉ ብርድ ማለታቸው የቆየ ልማድ ነው። አንዳንዴ «ስታርቭድ ዊ ካውድ» ብለው ያሟሉታል፤ «ካውድ» ያው «ኮልድ» ነው፣ በአካባቢው አነጋገር «ል» ተውጣ። ረሃብን መግለጽ ሲፈልጉ ላንክሻየሮች «ክሌምድ» የሚል ሌላ ቃል ስለነበራቸው ሁለቱ አይምታቱባቸውም ነበር። የሚምታታው «ስታርቭድ» ርቦኛል ማለት ነው የሚለውን የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ለንደን ያደገ እንግሊዛዊም ቢሆን በእርስዎ ቦታ ሳህን ይዞ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ቃሉ ሲነሳ ከምግብ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስቴኦርፋን» ማለት መሞት ነበር፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን። የጀርመንኛ ዘመዱ «ሽቴርበን» ዛሬም መሞት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «ዳይ» የሚለው ቃል ቦታውን ሲወስድበት «ስታርቭ» ትርጉሙ እየጠበበ ሄደ። በመደበኛው እንግሊዝኛ ረሃብ ላይ ቀረ፤ በሰሜኑ ግን ብርዱንም እንደያዘ ቆየ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እኛም «በብርድ ሞትኩ»፣ «በረሃብ ሞትኩ» እንላለን። «ሞትኩ» የሚለው ብቻውን ቀርቶ በአንዱ ክፍለ አገር ብርድን፣ በሌላው ረሃብን የሚያመለክት ቢሆን ኖሮ የሊድሱ ግራ መጋባት እኛም ቤት ይገባ ነበር።

ከቋንቋው በፊት ግን የሥራዎ ጉዳይ ይቅደም። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀቱን የመያዝም፣ ብርዱን ቶሎ የማወቅም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ አረጋዊ «በረደኝ» እስኪል ድረስ ብዙ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ምክር አረጋውያን የሚቀመጡበት ክፍል ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከአንድ ወፍራም ሹራብ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ ሙቀት ይይዛል፤ ካልሲና የእግር ብርድ ልብስም አይረሱ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ንግግራቸው ከተጎተተ፣ ግራ ከተጋቡ፣ ከወትሮው የተለየ ድብታ ካዩባቸው ሳይጠብቁ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ 999 ይደውሉ። እስኪደርሱልዎ በብርድ ልብስ ይጠቅልሏቸው፤ እጅና እግራቸውን አይሹ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አያስገቧቸው፣ ለማሞቂያ ብለው አልኮል አይስጧቸው። ሲንቀጠቀጡ ቆይተው መንቀጥቀጡ ቢያቆምና አሁንም ቀዝቃዛ ከሆኑ፣ ተሻላቸው ብሎ መተው ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ሰውነት በጣም ሲቀዘቅዝ የመንቀጥቀጥ አቅሙንም ያጣልና።

ወደ ዝርዝርዎ እንመለስ። «ኮልድ ፊት»ንና «ኮልድ ሾልደር»ን ከዝርዝሩ ያውጧቸው። የመጀመሪያው አንድ ነገር ሊያደርጉ ተነስተው በመጨረሻው ሰዓት መፍራት ነው፤ ሠርጉ ሲቃረብ ወደኋላ እንደሚል ሙሽራ። ሁለተኛው ፊት መንሳት ነው። «ኮልድ ተርኪ»ም ቢያጋጥምዎ ሱስን በአንድ ጊዜ ቁርጥ አድርጎ መተው ማለት ነው። ሦስቱም ስለ አየሩም ሆነ ስለ ሰውነት ምንም አይሉም። «ዩል ካች ዩር ዴዝ» የሚለው ደግሞ ስለ ብርድ ቢሆንም ተናጋሪው የሚሰማውን አይገልጽም፤ ካፖርት ሳይለብስ ለሚወጣ ሰው የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እኛ «ብርድ ይመታሃል» እንደምንለው። አረጋውያኑ ለእርስዎ ቢሉዎት የአሳቢነት ንግግር ስለሆነ በክፉ አይውሰዱት።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው ቃሉን ባለማወቅ ሳይሆን ቃሉን ከማን ጋር ማሠር እንዳለበት ባለመለየት ነው። አማርኛ «በረደኝ» ሲል ብርዱ አድራጊ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንግሊዝኛ ግን ሁለት በር አለው፤ አንዱ «ኢት ኢዝ» ብሎ ስለ አየሩ የሚናገርበት፣ ሌላው «አይ አም» ብሎ ስለ ሰውየው የሚናገርበት። የብርድ ቃላት አብዛኞቹ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚያልፉት። «ቢተር» ለነፋስና ለአየር ነው፤ «ኢትስ ቢተር» ትክክል ሲሆን «አይም ቢተር» ካሉ ግን ቂም ይዣለሁ፣ ሆዴ ሻክሯል ብለዋል። «ሮ» እርጥበት ያለውን፣ ቆዳ የሚልጥ የሚመስለውን ብርድ ይገልጻል፤ «አይም ሮ» ካሉ ቆዳዎ እንደተላጠ ይቆጠራል። «ኒፒ»ና «ፓርኪ» ቀለል ላለ ቅዝቃዜ፣ ለአየር ብቻ ናቸው። ስለ ሰው ከተባለ «ኒፒ» ፈጣን፣ በስኮትላንድ ደግሞ ነገረኛ ማለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው «ስታርቭድ»፣ «ፋውንደርድ» እና «ኒዘርድ» ለሰው ናቸው፤ አየሩን በእነርሱ መግለጽ አይቻልም። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል ማለት መሆኑን ያውቃሉ ብዬ አልፈዋለሁ፤ ሐኪም ፊት ሲሳሳቱት ግን ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከድሮዎቹ ሁሉ ከእንግሊዝ እስከ አየርላንድ የትም ቢሉት የማያሳፍረው «ፔሪሽድ» ነው። ሥሩ ላቲን ነው፣ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ፣ ትርጉሙም መጥፋት፣ መሞት። እዚህም ሞት! የእንግሊዝኛ የብርድ ቃላት ከመቃብር ብዙ አይርቁም። ለሰው «አይም ፔሪሽድ»፣ ለአየሩ «ኢትስ ፔሪሺንግ» ይባላል። አየርላንዶች «ፔሪሽድ ዊዝ ዘ ኮልድ» ብለው ማሟላት ይወዳሉ። አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ይህ ቃል ለጎማ ነገርም ይሠራል። የሙቅ ውሃ መያዣው ጎማ «ፔሪሽድ» ነው ከተባለ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል ማለት ነውና ውሃ ሳይሞሉበት ይጣሉት። በርዶታል ብለው የፈላ ውሃ ከጨመሩበት አልጋ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የባልደረባዎ «ፋውንደርድ»ን በተመለከተ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸዎትም። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲመጣ ወደ ታች መስመጥ፣ መውደቅ ነበር፤ መርከብ ሲሰጥም፣ ፈረስ ኮቴውን ታሞ ሲያነክስ የሚባለውም እርሱ ነው። በሰሜን አየርላንድና በስኮትላንድ ክፍሎች ግን በብርድ ተሸንፎ መድከምን ያመለክታል፤ ስለ ቀኑ ሲናገሩም «ኢት ውድ ፋውንደር ዩ» ይላሉ፣ «ጨርሶ ያደርቅሃል» እንደ ማለት። ቤልፋስት ውስጥ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ሊድስ ውስጥ ግን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ሰዎች ትርጉሙን ይጠይቁዎታል። ለመረዳት ይያዙት፣ ለመናገር ለባልደረባዎ ይተዉላት።

እርስዎ ባሉበት አካባቢ ከ«ስታርቭድ» ሌላ የሚሰሙት «ኒዘርድ» ነው። ዮርክሻየርና አጎራባቾቹ ይናገሩታል፤ ትከሻን ሰብስቦ፣ ኩርምት ብሎ እየተንቀጠቀጡ መቆምን ያሳያል። በደቡብ ምዕራብ፣ በዶርሴት፣ በዊልትሻየርና በሃምፕሻየር በኩል ደግሞ «ሽራምድ» አለ። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚቸገር የለም፤ «ቆፈን ያዘኝ» ነው። ጣት ደርቆ ቁልፍ መቆለፍ እምቢ ሲል፣ ሳንቲም ከኪስ ማውጣት ሲያቅት የሚባለው። ዛሬ ወጣቱ ብዙም አያውቀውም።

«ኔሽ» ከእነዚህ የሚለየው የአሁን ስሜትን ሳይሆን የሰውን ተፈጥሮ ስለሚናገር ነው። ጥንታዊ ትርጉሙ ለስላሳ፣ ጨቅላ ነበር፤ ዛሬ በኖቲንግሃም፣ በደርቢ፣ በስታፎርድሻየርና እስከ ላንክሻየር ድረስ ብርድ የማይችልን ሰው ይመለከታል። ውስጡ ቀልድም ንቀትም አለው። መስኮት ይዘጋ ባሉ ቁጥር «ዶንት ቢ ኔሽ» ቢባሉ ተሾፈብዎ እንጂ ስለ ጤናዎ አልተጠየቁም። እርስዎ ግን በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ለዚያውም ለሚንከባከቡት ሰው፣ በፍጹም አይበሉት።

ስኮትላንድ ለብቻዋ አንድ ጓዳ ሙሉ ቃል አላት። ስለት እንዳለው የሚቆርጥ ነፋስ «ስኔል» ይባላል፤ በብርድ መንቀጥቀጥ፣ ጥርስ መንገጫገጭ «ቺተሪንግ» ነው። ልጆች ከቀዝቃዛ ውሃ ዋኝተው ሲወጡ የሚጎርሷት ቁራሽ «ቺተሪ ባይት» ትባላለች። ወጣቶቹ «ኢትስ ቦልቲክ» ሲሉ ከሰሙ ግን የቅርብ ጊዜ የመንገድ ቋንቋ ስለሆነ የድሮዎቹ ዝርዝር ውስጥ አያስገቡት። ለንደኖች ደግሞ «ቴተርስ» ይላሉ፣ ድንች። ድንችና ብርድ ምን አገናኛቸው ቢሉ የግጥም ጨዋታ ነው፤ ሙሉው «ቴተርስ ኢን ዘ ሞልድ» ሲሆን «ሞልድ» ከ«ኮልድ» ጋር ቤት ይመታል፣ ከዚያ ቤት የሚመታው ቃል ራሱ ይጣልና ድንቹ ብቻ ይቀራል። በምሥራቅ እንግሊዝ ሜዳዎች ላይ «ሌዚ ዊንድ» የሚባል አለ፤ ነፋሱ ሰነፍ ስለሆነ ሰውን ዞሮ ከማለፍ በመካከሉ ሰንጥቆ መሄድ ይቀለዋል ማለታቸው ነው። ከሁሉም ጆሮ የሚገባ አባባል ነው፣ በየትኛውም ስብሰባ ላይ ቢሉት ያስፈግጋል እንጂ አያስነቅፍም።

አሁን የነሐሱን ጦጣ። ሙሉው አባባል ብርዱ የነሐስ ጦጣን ቆለጥ አርግፎ የሚጥል ነው ይላል። በሰፊው የሚነገረው ማብራሪያ በጦር መርከብ ላይ የመድፍ ጥይቶች «መንኪ» በሚባል የነሐስ ሰሌዳ ላይ በፒራሚድ ይደረደሩ ነበር፣ ሲበርድ ነሐሱ ከብረቱ ይልቅ ስለሚኮማተር ጥይቶቹ ይንከባለሉ ነበር የሚል ነው። ይህ ተረት ነው። ማስረጃ ለሚፈልግ ሦስት ነገር ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ነሐስ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሊዮን 19 ያህል ይኮማተራል፣ ብረት ደግሞ 11 ያህል፤ ልዩነቱ 8 ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ አየሩ በ40 ዲግሪ ቢወርድበት ልዩነቱ 1000 ሚሊ ሜትር በ0.000008 በ40 ተባዝቶ 0.32 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር የጥይት ክምር አይንድም፤ የመድፍ ጥይቶች ራሳቸው በስፋት ከዚያ በላይ ይለያያሉ። ሁለተኛው የመርከቡ ነገር ነው። በሚናወጥ ወለል ላይ ከባድ የብረት ኳሶችን ከምሮ መተው የራስን እግር ማስቀጥቀጥ ነበር፤ ጥይቶቹ የሚቀመጡት በእንጨት ሳንቃ ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ነበር። ሦስተኛው የጽሑፍ ማስረጃው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 በታተመ የአሜሪካዊ ደራሲ የባሕር ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ሙቀቱ የነሐስ ጦጣን አፍንጫ የሚያቀልጥ ነው ይላል። ሙቀት፣ አፍንጫም! ከአሥር ዓመት በኋላ በብርድ ጅራቱ ረገፈ። ጦጣው ከመጀመሪያው የጦጣ ምስል ነበር ማለት ነው፤ የሚረግፈው ብልት እንደ ተናጋሪው ይቀያየር ነበር፣ በመጨረሻ ባለጌው አሸነፈ።

ለአጠቃቀሙ ይህ ታሪክ ይጠቅማል። የመድፉን ታሪክ የሚያምን ሰው አባባሉን ንጹሕ የባሕር ኃይል ቃል አድርጎ በማንም ፊት ይናገረዋል፤ እንግሊዛዊ አድማጭ ግን ቆለጡን ነው የሚሰማው። አጭሩ «ኢትስ ብራስ መንኪስ አውትሳይድ» በሥራ ቦታ፣ በእኩዮች መካከል ያልፋል። ሙሉውን ግን ለአለቃ፣ ለማያውቁት ሰውና ለአረጋውያን አይናገሩ። ብርዱን ከጠንቋይ ጡትና ከጉድጓድ ቆፋሪ መቀመጫ ጋር የሚያወዳድሩት የአሜሪካኖቹ አባባሎችም እንዲሁ ከብልግና ጋር የተጋቡ ናቸው። በአፓላቺያን ተራሮች አካባቢ «ኤሪሽ» የሚል ጨዋ ቃል አለ፤ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ አየርን ይገልጻል፣ ብርቱ ብርድን ግን አይሸከምም።

በመጻሕፍት ብቻ የሚያጋጥሙዎት ሌሎች አሉ። «አኮልድ» ማለት በርዶት ማለት ሲሆን ዛሬ ቢናገሩት በመድረክ ላይ ያሉ ይመስላል። «ፍሮር» ደግሞ «ፍሮዝን» የሚለው ቃል የጥንት ወንድም ነው፣ ከቅኔ ውጭ አይኖርም። «ኪ-ኮልድ»፣ እንደ ቁልፍ የቀዘቀዘ፣ እና «ስቶን ኮልድ»፣ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ፣ ሁለቱም ስለ ሬሳ ሲነገሩ ኖረዋል። የመጀመሪያው ሞቷል፤ ሁለተኛው ለሻይና ለምግብ ተርፏል። «ማይ ቲ ኢዝ ስቶን ኮልድ» ካሉዎት ሌላ ሻይ ያፍሉላቸው። ራስዎን ግን «ስቶን ኮልድ ነኝ» አይበሉ። ያረጀ ሁሉ ግን የሞተ እንዳይመስልዎ፤ ሼክስፒር በ1600 አካባቢ በጻፈው ሐምሌት መጀመሪያ ላይ ዘብ የቆመው ወታደር ብርዱን «ቢተር» ይለዋል፣ ዛሬ ጠዋት የአየር ትንበያ አቅራቢውም እንደዚያው ብሎ ሊሆን ይችላል።

«ኮልድ አዝ ቻሪቲ» የሚለውን ለብቻው ማንሳት የምፈልገው ምንጩን አማርኛ አንባቢ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀላሉ ስለሚያገኘው ነው። «እንደ ምጽዋት የቀዘቀዘ» ብለው ሲተረጉሙት ግራ ያጋባል። ማቴዎስ 24፥12 ላይ «የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች» የሚለውን ቃል በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የዊክሊፍ ትርጉም «ቻሪቲ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ ያን ጊዜ ቃሉ ፍቅርን ይሸከም ነበርና። የ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን እዚያው ጥቅስ ላይ «ላቭ» ይላል። «ቻሪቲ» ወደ ምጽዋት ሲጠብ አባባሉ ፊቱ የጠቆረ ሰጪን፣ እሳት የማይነድበትን የድሆች መጠለያ የሚያስታውስ ሆነ። ስለዚህ አባባሉ ከሙቀት መለኪያ ይልቅ የሰው ፊት የሚነካ ስለሆነ፣ የሚሠሩበትን ቤት ክፍል በዚህ ቢገልጹት ስለ ማሞቂያው ሳይሆን ስለ ድርጅቱ አቤቱታ ያቀረቡ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ቃል በአረጋውያን አፍ ለምን ቆየ ቢባል፣ መልሱ ያደጉበት ቤት ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ በሚነድ የድንጋይ ከሰል ነበር የሚሞቀው፤ መኝታ ክፍሉ መስኮት ከውስጥ በኩል ውርጭ ይይዝ ነበር። የ1962–63 ክረምት ደግሞ ከ1740 ወዲህ ተወዳዳሪ ያልነበረው ነው፤ በጥር 1963 የመካከለኛው እንግሊዝ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.1 ዲግሪ ነበር። የዛሬ ሰማንያ ዓመት ሰው ያንን ክረምት ወጣት ሆኖ አሳልፎታል። «ስታርቭድ» ሲሉ ልማዳዊ ማጋነን ቢመስልም ቃሉን የተማሩት የእውነት እየደረቁ ነው። ከደጋ ለመጣ ሰውም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ያነሳዋል። የሊድስ 5 ዲግሪ እርጥብ ነው፣ ነፋስ አለበት፣ ቀኑን ሙሉም አይለቅም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ ነው ብሎ የሰውየውን ብርድ አለመናቅ ይገባል።

እንግዲህ የቱን ልናገር ላሉት መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ ሁሉንም ይስሙ፣ ሦስት ብቻ ይናገሩ። «አይም ፍሪዚንግ» ለማንም፣ የትም። «አይም ፔሪሽድ» ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ፣ በተለይ ከአረጋውያን ጋር፤ ወዲያው ይቀርቡዎታል። «ቺልድ ቱ ዘ ቦን» ደግሞ ረዘም ላለ ብርድ፣ ዝናብ ላይ ቆመው ሲመለሱ፤ የእኛው «አጥንቴ ድረስ ገባ» ስለሆነ ከአፍ አይከብድም። በሦስቱም ላይ «ቬሪ» አይጨምሩ። ቃላቱ ራሳቸው ጫፍ ላይ ያሉ ናቸውና «ቬሪ ፍሪዚንግ» የውጭ ሰው እንግሊዝኛ መሆኑ ያስታውቃል፤ ማጠንከር ካስፈለገ «አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ» ይባላል። «ስታርቭድ»ን እርስዎ ቢናገሩት ባልደረቦችዎ ምሳ ያቀርቡልዎታል፤ ስህተቱን ተገልብጦ ያገኙታል።

ለአይኤልትስ የቃል ፈተና የድሮና የአካባቢ ቃላትን ይዘው አይግቡ። በቃላት ሀብት መስፈርት ከ7 ነጥብ ጀምሮ ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ አባባሎችን መጠቀም ይቆጠራል፤ ነገር ግን እዚያው መስፈርት ላይ የአነጋገሩን ደረጃና የቃላትን መጣመር ማወቅም ተጽፏል። ፈታኙ አውስትራሊያዊ ወይም ካናዳዊ ሊሆን ይችላል፤ «ኒዘርድ» ቢሉት የሰማው የተሳሳተ አነጋገር ይመስለዋል። «ኢት ወዝ ቢተርሊ ኮልድ ኤንድ አይ ወዝ ቺልድ ቱ ዘ ቦን» ብሎ አየሩንና ራስን በትክክለኛው በር ማሳለፍ ከአሥር ብርቅ ቃል ይበልጣል። በጽሑፍ ፈተናው ላይ ግን አንዱንም አይጠቀሙ፤ እዚያ በአብዛኛው የሚፈለገው መደበኛ አጻጻፍ ነው።

የሚንከባከቧቸው እናት ነገ ማታ «አይም ስታርቭድ» ሲሉ «ስታርቭድ ዊዝ ኮልድ፣ ኦር ሃንግሪ?» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቋቸው፤ አይቀየሙም፣ ቃላቸውን ስላወቁላቸው ደስ ይላቸዋል። የፈረቃ መዝገቡ ላይ ደግሞ «ስታርቭድ» ብቻ ብለው አይጻፉ። ያሉትን ቃል በጥቅስ ምልክት ያስገቡና ከጎኑ በርዷቸው እንደነበር፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የሰጡትን ተጨማሪ ብርድ ልብስና ሰዓቱን ያስፍሩ። አለበለዚያ ተረኛዋ ፈረቃ ጠዋት ስታነበው እራት ሳይበሉ ያደሩ ይመስላትና ጥያቄው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፣ ማሞቂያውን ግን የሚያየው አይኖርም።